አባታችን ኤምዲኤስ ተብለዋል፦ ቤት ሸጦ ህንድ መሄድ ወይስ እዚሁ መርፌውን መጀመር?

የቢቸናው መምህር፦

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው። አባታችን የ66 ዓመት ገበሬ ሲሆኑ፣ ካለፈው መኸር ጀምሮ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ጥርሳቸውን ሲፍቁም ድዳቸው ይደማል። መጀመሪያ ደም ማነስ ነው ተብሎ እንክብል ተሰጣቸው፤ ለውጥ ሲጠፋ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም በሪፈር ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። እዚያ ከዳሌ አጥንታቸው መቅኔ ተወስዶ ሲመረመር ሕመሙ ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድረም (በአጭሩ ኤምዲኤስ) እንደሆነ ተነገረን። በእጄ ያለው ወረቀት ሄሞግሎቢን 6.8፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት 54 ሺህ፣ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል 900፣ በመቅኔው ውስጥ ያለው ብላስት ደግሞ 7 በመቶ ይላል። የክሮሞሶም ምርመራው ውጤት ገና አልደረሰም።

ሐኪሙ ሦስት መንገዶችን ጠቅሰውልናል፤ ደም እየወሰዱ መቆየት፣ አዛሲቲዲን የተባለውን መርፌ መጀመር፣ ወይም ውጭ አገር ሄዶ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ማድረግ። ቤተሰቡ ግን አልተስማማም። ታላቅ ወንድሜ ከተማ ያለውን ቤት ሸጠን፣ በሬዎቹንም ጨምረን፣ በቶሎ ህንድ እንውሰዳቸው ይላል። እናታችን ደሙን እየወሰዱ ጸበላቸውን ይጠመቁ ባይ ናቸው። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ደም የሚያመርት መርፌ አለ፣ እሱ ይበቃቸዋል ብሎናል። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም የሚያስረዳን ሰው ብናገኝ ውለታውን አንረሳም።

ሐኪም ከባሕር ዳር፦

እግዚአብሔር ይማርልዎት፣ መምህር። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ አባትዎን በዓይኔ ስላላየኋቸው የምለው ሁሉ የያዟቸውን ሐኪም ቃል አይተካም። ሆኖም ከጻፏቸው ቁጥሮች ተነሥቶ ብዙ ማለት ይቻላል።

በዚህ ሕመም የመድኃኒቱ ምርጫ የሚወሰነው በሕመሙ ስም ሳይሆን በአደጋው ደረጃ ነው። መቅኔው ሥራ አልፈታም፤ ሴሎችን ያመርታል፤ ነገር ግን ለምልሞ ፍሬ እንደማይዝ የጤፍ ማሳ፣ አብዛኞቹ ሴሎች ሳይበስሉ እዚያው መቅኔው ውስጥ ስለሚሞቱ ወደ ደም ሥር የሚወጣው ጥቂት ይሆናል። ከዚህ በተጨማሪ ብላስት የሚባሉት ያልበሰሉ ሴሎች እየበዙ 20 በመቶ ሲደርሱ ሕመሙ አጣዳፊ የደም ካንሰር ይባላል። ይህ አደጋ ለአንዱ ታካሚ ሩቅ፣ ለሌላው ቅርብ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ተሻሽሎ የወጣ የነጥብ አሰጣጥ አለ። ለአባትዎ ላስላው። ብላስት ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሆን 2 ነጥብ፤ ሄሞግሎቢን ከ8 በታች ሲሆን 1.5፤ ፕላትሌት ከ50 እስከ 100 ሺህ ባለው ውስጥ ሲሆን 0.5፤ ኒውትሮፊላቸው ከ800 በላይ ስለሆነ ነጥብ አይጨምርም። ድምሩ 4 ነው። ክሮሞሶሙ ምንም ጉድለት የሌለበት ሆኖ ቢመጣ እንኳ በዚህ አሰጣጥ 1 ነጥብ ስለሚይዝ 5 ይደርሳል፤ ከ4.5 በላይ ያለው ደግሞ ከፍተኛ አደጋ የሚባለው ምድብ ነው። ከዚያ በታች ሊያስቀራቸው የሚችለው በጥቂት ታካሚዎች ላይ ብቻ የሚገኝ የክሮሞሶም ለውጥ ነው፤ እሱም ቢሆን መካከለኛው ምድብ ላይ ያቆማቸዋል እንጂ ዝቅተኛው ውስጥ አያስገባቸውም። ስለዚህ የክሮሞሶሙ ውጤት አስፈላጊ ቢሆንም፣ እሱ እስኪመጣ ተብሎ ሕክምናው የሚዘገይበት ምክንያት አይታየኝም።

በከፍተኛ አደጋ ምድብ ላሉ ታካሚዎች መነሻው አዛሲቲዲን፣ ወይም የእሱ ዘመድ የሆነው ዴሲታቢን ነው። አዛሲቲዲን በሰውነት ስፋት ተሰልቶ፣ በአንድ ሜትር ስኩዌር 75 ሚሊ ግራም፣ ለ7 ቀናት ከቆዳ ሥር ይሰጥና በየ28 ቀኑ ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ትልቅ ጥናት ይህን መድኃኒት የወሰዱት ታካሚዎች ግማሾቹ በሕይወት የቆዩት እስከ 24.5 ወር ሲሆን፣ ሌላ የተለመደ ሕክምና የወሰዱት ደግሞ 15 ወር ነበር። ሕመሙን ከሥሩ አይነቅልም፤ ጊዜ ይገዛል፣ ደም የመውሰዱንም ድግግሞሽ ይቀንሳል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር፦ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የደሙ ቁጥር ከመሻሻሉ በፊት ይወርዳል፤ ጠቅሟል ወይም አልጠቀመም ለማለት ከ4 እስከ 6 ዙር መታገሥ ያስፈልጋል። ከሁለተኛው ዙር በኋላ መድኃኒቱ ጨረሳቸው ብለው ታካሚያቸውን ይዘው የሚጠፉ ቤተሰቦች አሉ፤ ከመድኃኒቱ ጥቅም ሳያገኙ ጉዳቱን ብቻ ቀምሰው ይቀራሉ።

የደንበጫዋ፦

መምህር፣ የዘመድዎ ምክር ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። እናቴ ይኸው ሕመም ከተገኘባቸው ቆይተዋል። ብላስታቸው ከ2 በመቶ በታች ስለነበርና ክሮሞሶማቸውም ደኅና ስለሆነ ዝቅተኛ አደጋ ተብለው፣ ኤሪትሮፖይቲን የተባለው ያ ደም የሚያመርት መርፌ በየሳምንቱ 40 ሺህ ዩኒት ታዘዘላቸው። ከመጀመራቸው በፊት ሰውነታቸው ራሱ የሚያመርተው ኤሪትሮፖይቲን በደማቸው ውስጥ ተለካ፤ መጠኑ ከ500 በታች ከሆነ መርፌው ሊሠራ እንደሚችል፣ ከ200 በታች ከሆነ ደግሞ ተስፋው የተሻለ እንደሆነ ሐኪሟ አስረዱን። ሁለት ወር ያህል ምንም ለውጥ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሄሞግሎቢናቸው ቀስ እያለ ወጣና አሁን ያለ ደም ቆመው እንጀራ ይጋግራሉ። ስለዚህ ወደ ከባዱ መድኃኒት ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ብትጠይቁ ምን ይጎዳችኋል?

ሐኪም ከባሕር ዳር፦

እኅቴ፣ ለእናትዎ የተደረገው ትክክል ነው፤ በመድረካችን ላይ ሊጻፍ የሚገባውም እንዲህ ያለው ዝርዝር ነው። ነገር ግን የእናትዎ መንገድ የመምህሩ አባት መንገድ አይደለም። ዝቅተኛ አደጋ ላይ የሚታከመው የደም ማነሱ ሲሆን፣ ከፍተኛ አደጋ ላይ የሚታከመው የብላስቱ ግስጋሴ ነው። ኤሪትሮፖይቲን ብላስትን አይነካም። 7 በመቶ ብላስት ላለው ሰው በእሱ ብቻ ወራት ማሳለፍ ማለት፣ ቁጥሩ ያማረ መስሎ ሲያዘናጋ ሕመሙ እንዲቀድም መፍቀድ ነው።

ዝቅተኛ አደጋ ላይ ላሉት ሌሎችም ምርጫዎች አሉ። 5ኛው ክሮሞሶም ላይ የተወሰነ ክፍል ተቆርጦ የጎደለባቸው ታካሚዎች ሌናሊዶማይድ የሚባል እንክብል ይወስዳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናት ከእነዚህ መካከል ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ደም መውሰድ አቁመዋል። ክሮሞሶም ሳይታይ ይህን ዕድል ማወቅ አይቻልም፤ የምርመራው ዋጋ ውድ ነው ብለው ለሚተዉት ይህን ነው የምነግራቸው። ብረት የታቀፉ ቀለበታማ ሴሎች ላላቸው ደግሞ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 የተፈቀደው ሉስፓተርሴፕት በየ3 ሳምንቱ ይሰጣል፤ በጥናቱ ውስጥ ከወሰዱት 38 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ ለ8 ሳምንት ያለ ደም ቆይተዋል። ዋጋው ግን የጎጃም ገበሬ ቤት የሚደርስ አይደለም።

መድኃኒት ቤት ማርቆስ፦

የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ኤሪትሮፖይቲን አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው መድኃኒቱን በመግዛት ሳይሆን በመሸከም ነው። መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት፤ አይወዘወዝም፣ በረዶም አይሆንም። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣ ሰው ከጎሃ ጽዮን ወርዶ እስከ ደጀን እስኪወጣ ያለው የዓባይ በረሃ ሙቀት ይታወቃል። ሰዉ ይህን ፈርቶ ምን ያደርጋል? መርፌውን በረዶው መካከል ይቀብረዋል። አንድ ደንበኛዬ እንዲሁ ተሸክሞ ያመጣውን ስከፍት ብልቃጡ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት አይቻለሁ፤ ያ መድኃኒት ቢቀልጥም አይሠራም፣ የወጣበትም ብዙ ሺህ ብር ነው። ትክክለኛው አያያዝ መርፌውን ከነካርቶኑ በፎጣ ጠቅልሎ በማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥና በረዶው በቀጥታ እንዳይነካው ማድረግ ነው። ሻንጣው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሳይጫን ከእናንተ ጋር ይግባ።

አዛሲቲዲን በዚህ በኩል ይቀላል፤ ያልተበጠበጠው ዱቄት በክፍል ሙቀት ይቀመጣል። ከተበጠበጠ በኋላ ግን ዕድሜው በሰዓታት የሚቆጠር ስለሆነ፣ በሚሰጥበት ጤና ተቋም በባለሙያ እንዲበጠበጥ እንጂ ቤት ወስዶ በሰፈር መርፌ ወጊ ማስወጋት ፈጽሞ አይሞከርም። ሲገዙም የምርት ቁጥሩንና የማብቂያ ቀኑን ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ።

ላብራቶሪ እንጅባራ፦

ሁላችሁም ከምርመራው በኋላ ስላለው ትነጋገራላችሁ፤ እኔ ከበፊቱ እጀምራለሁ። ሦስቱም የደም ሴሎች ቀንሰው የተገኙ ሁሉ የዚህ ሕመም ታካሚዎች አይደሉም። በአካባቢያችን ወጣቶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ይዘውት የሚመለሱት ካላዛር ሦስቱንም ሴሎች ይቀንሳል። ልዩነቱ ጣፊያው በጣም ማበጡና ትኩሳቱ መቆየቱ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም መቅኔውን ፍጹም ይህን ሕመም ያስመስለዋል፤ ያውም በመርፌ የሚድን ነገር ነው። የመዳብ እጥረት፣ ኤች አይ ቪ፣ ለመድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታከሙ ሰዎች የሚወስዱት ሊንዞሊድ፣ እንዲሁም ለዓመታት ያልተቋረጠ አረቄ በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። መምህር፣ የአባትዎ ብላስት 7 በመቶ መሆኑ እነዚህን ሩቅ ያደርጋቸዋል፤ ቢሆንም ቢ12 ተለክቶ እንደሆነ ወረቀቱን ይመልከቱ።

ስለ ክሮሞሶሙ ናሙናም አንድ ቃል። ለክሮሞሶም ምርመራ የሚወሰደው መቅኔ ሕያው ሴል ስለሚፈልግ፣ ሄፓሪን የተባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ባለበት አረንጓዴ ክዳን ቱቦ ተደርጎ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ወደሚመረምረው ላብራቶሪ መድረስ አለበት። በሐምራዊው ቱቦ ተልኮ የቀረ ናሙና ለዘረ መል ምርመራ ያገለግል እንደሆን እንጂ ሴሉ ስለማያድግ ለክሮሞሶም አስቸጋሪ ነው። ውጤቱ ከዘገየ ናሙናው በምን ቱቦና መቼ እንደተላከ መጠየቅ መብትዎ ነው።

የዳሞቱ፦

ሐኪም፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። እርስዎ ራስዎ አዛሲቲዲን አያድንም ብለዋል። የሚያድነው ንቅለ ተከላ ብቻ ከሆነ፣ የቤት ዋጋ ለአባት ነፍስ ምን ያህል ነው? ወንድምየው ትክክል ነው ባይ ነኝ። ገንዘቡ በደምና በመርፌ ካለቀ በኋላ ህንድን ማሰብ ምን ዋጋ አለው?

ሐኪም ከባሕር ዳር፦

ተቃውሞዎ ቁም ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 75 የሆኑ፣ ሕመማቸው የከፋ ታካሚዎች ተነጻጽረዋል፤ ተስማሚ ለጋሽ ከተገኘላቸው መካከል በሦስተኛው ዓመት በሕይወት የነበሩት 47.9 በመቶ፣ ለጋሽ ካልተገኘላቸው መካከል ደግሞ 26.6 በመቶ ናቸው። ስለዚህ የመምህሩ አባት በ66 ዓመታቸው ከንቅለ ተከላ ውጪ ናቸው የሚል ሰው ተሳስቷል። ነገር ግን ቁጥሩን በሌላ ወገን ስናነበው፣ ለጋሽ ከተገኘላቸውም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሦስት ዓመት አልሞሉም። ቤት የሚሸጠው ይህን ሁሉም የቤተሰቡ አባል አውቆ ሲስማማ መሆን አለበት፤ ህንድ ከገቡ ይድናሉ በሚል ተስፋ መሆን የለበትም።

ከሽያጩ የሚቀድም ሥራ ደግሞ አለ። አንድ ወንድም ወይም እኅት ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አባትዎ በሕይወት ያሉ አምስት ወንድምና እኅቶች ቢኖሯቸው ቢያንስ አንዱ የመመሳሰሉ ዕድል ወደ 76 በመቶ ይጠጋል፤ የቤተሰባችን ብዛት በዚህ ረገድ ጸጋ ነው። ወንድሞቻቸው በዕድሜ የገፉ ከሆኑ ደግሞ ማንኛውም ልጃቸው በግማሽ ስለሚመሳሰል፣ ዛሬ በግማሽ ተመሳሳይ ለጋሽም ይሠራል። የሚያስፈልገው ለጋሽና ታካሚ መመሳሰላቸውን የሚያሳየው የኤችኤልኤ ምርመራ ሲሆን፣ ዋጋው ከጉዞው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ለጋሽ መኖሩ፣ ልባቸው፣ ኩላሊታቸውና ጉበታቸው መቻላቸው ሳይታወቅ ቤት መሸጥ አልመክርም። እስከዚያ አዛሲቲዲኑ ብላስቱን ይዞ ያቆይላቸዋል፤ ንቅለ ተከላ የሚያደርጉ ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ ከንቅለ ተከላው በፊት ብላስቱ ዝቅ እንዲል ይፈልጋሉ። ከንቅለ ተከላው በኋላ ለክትትል ወራት እዚያው መቆየት፣ ከዚያም በየጊዜው የሚወሰዱ መድኃኒቶች መኖራቸው ሲደመር፣ የአንድ ቤት ሽያጭ ግማሽ መንገድ ላይ እንዳይጥላቸው ስሌቱ ይሠራ።

በዚህ አጋጣሚ፦ ለጋሽ ሊሆኑ የሚችሉ ወንድሞችና ልጆች ደማቸው በቀጥታ ለአባትዎ እንዳይሰጥ። የዘመድ ደም አካላቸው የዚያን ዘመድ ሴል እንዲጠላ ሊያሠለጥነው ይችላል፤ በኋላ መቅኔውን ሊያስጥል ይችላል። ለማገዝ የሚፈልግ ዘመድ ደም ባንክ ሄዶ ለማንም ይለግስ፤ አባትዎ ደግሞ የሌላ ሰው ደም ይውሰዱ።

የቢቸናው መምህር፦

እግዜር ይስጥልኝ። የኤችኤልኤውን ነገር ማንም አልነገረን ነበር፤ ወንድሜም ይህን ሲያነብ ቤቱን ለደላላ ማስነገሩን ለጊዜው ትቶታል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሄሞግሎቢናቸው ስንት ሲደርስ ነው ደም የሚወስዱት? ደጋ ስለምንኖር ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ያስፈልጋቸዋል የሚል ሰው አለ። ሁለተኛ፣ እናታችን ስለ ጸበሉና ስለ ጾሙ መልስ ይጠብቃሉ።

ነርስ ከዋሽንግተን፦

ተወላጅነቴ ከሞጣ ነው፤ የምሠራው በካንሰር ክፍል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደም የሚሰጠው ሄሞግሎቢን ከ7 ወይም ከ8 በታች ሲሆን ነው፤ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ቀደም ብሎ ይሰጠዋል። ስለ ደጋው የሚባለውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢን ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል፤ ስለዚህ አባትዎ የሚታዩት በምልክታቸው ነው። እያንዳንዱ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዞ ይገባል፤ ሰውነት ደግሞ በቀን ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ግራም በላይ አያስወጣም። ከረጢቱ ወደ 20 ሲደርስና የብረት ክምችትን የሚያሳየው የፌሪቲን መጠን ከ1,000 ሲያልፍ ብረት የሚያስወግድ መድኃኒት ይታሰባል፤ ንቅለ ተከላ ለሚያስቡ ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ለደም ማነስ ተብሎ የተሰጣቸውን የአይረን እንክብል አሁንም እየዋጡ ከሆነ ሐኪማቸውን ጠይቀው ያቁሙ።

አዛሲቲዲን ሲጀመር መርፌው የገባበት ቦታ ይቀላል፣ ያሳክካል፤ ቦታውን በየቀኑ ከሆድ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ክንድ መቀያየር ነው። ሆድ ያደርቃል፤ ከመድኃኒቱ ጋር የማቅለሽለሽ መከላከያ ይሰጣል። ቅዳሜና እሑድ መርፌ የማይሰጥበት ተቋም ከሆነ አምስት ቀን ተሰጥቶ፣ ሁለት ቀን ታርፎ፣ ሁለት ቀን የሚጨመርበት አሰጣጥ ስላለ አባትዎ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚያርፉበትን ቤት በዚያው ልክ አስቡ።

ለእናትዎ እንዲህ ይበሉልኝ። መጠመቁን ማንም አይከለክላቸውም፤ የሚጠጡት ጸበል ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ኒውትሮፊላቸው ሲወርድ ጥሬ ውኃ የሚያመጣው ተቅማጥ ለእሳቸው ተራ ተቅማጥ አይደለም። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር። ለሕመምተኛ ጾም እንደማይጸና የነፍስ አባታቸው ይነግሯቸዋል፤ መድኃኒት በሚወስዱባቸው ሳምንታት ሽሮና ጎመን ብቻ አይበቃቸውም። ከሁሉ በላይ ቴርሞሜትር ይግዙ። ሙቀታቸው 38 ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ፓራሲታሞል ውጠው እስኪነጋ እንዳይጠብቁ፤ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሄደው ነጭ የደም ሴላቸው ዝቅተኛ መሆኑንና የሚወስዱትን መድኃኒት በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፤ አንቲባዮቲኩ በደም ሥር በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ለዚህ የሚሆን አንድ ወረቀት ሐኪማቸው ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ቢቸና ላይ ተረኛው ባለሙያ ስለ አዛሲቲዲን ሰምቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒት ቤት ማርቆስ፦

መምህር፣ አዛሲቲዲኑን ከመግዛታችሁ በፊት ቁመታቸውንና ክብደታቸውን ጽፈው በውስጥ መልእክት ይላኩልኝ። አንዱ ብልቃጥ 100 ሚሊ ግራም ስለሆነ ለአንድ ዙር ስንት ብልቃጥ እንደሚያስፈልግ አስልቼ እነግርዎታለሁ፤ ዙሩን ሳትሞሉ መጀመር ስለማይገባ የመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ሲገባ ብቻ ቀጠሮ ያዙ።